ስክሪኑ ያስተካከልኩትን ለምን አይዝም? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሪዞሉሽኑን (የስክሪኑን የምስል ጥራት) 1920 በ1080 አደርገዋለሁ። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ስከፍተው 1024 በ768 ሆኖ ይጠብቀኛል። ፎርማት ላስደርገው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፎርማቱ ይቆይ። ስንት ሰው ፋይሉን ያጣው በዚህ ችኮላ ነው! ሞኒተሩን ከኮምፒውተሩ ለማገናኘት ባለ 15 ፒኑን ቪጂኤ ገመድ የምትጠቀም ከሆነ ከሱ ጀምር፤ ፒን የምለው ጫፉ ላይ ያሉትን ቀጫጭን መርፌዎች ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ ሞኒተሩን “ማን ነህ? እስከ ስንት ትችላለህ?” ብሎ ይጠይቀዋል። መልሱ የሚመጣው በ12ኛዋና በ15ኛዋ ፒን ነው። ከሁለቱ አንዷ ከታጠፈች ምስሉ ይታያል፣ መልሱ ግን አይደርስም። ያን ጊዜ ዊንዶውስ በግምት ዝቅ ያለውን ይመርጣል።

ዲቫይስ ማኔጀር (ዊንዶውስ የተገናኙትን መሣሪያዎች የሚዘረዝርበት ቦታ) ገብተህ ሞኒተርስ የሚለውን ክፈት። “ጀነሪክ ኖን ፒኤንፒ ሞኒተር” የሚል ካገኘህ ገመዱን ጠርጥር። ከመግዛትህ በፊት ግን የጓደኛህን ተውሰህ ሞክር። 9ኛዋ ፒን ከብዙ ገመድ ላይ ሲሠራም የለችም፣ እሷ አታሳስብህ።

ጥያቄ፦ እኔ ገመዱን ቀይሬያለሁ። ያው ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ እዚያው ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ዲስፕሌይ አዳፕተርስን እዪ። “ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር” ካለ የግራፊክስ ድራይቨሩ፣ ማለትም ዊንዶውስን ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ አልተጫነም። ከኮምፒውተሩ አምራች ድረ ገጽ በሞዴሉ ፈልገሽ አውርጂ። ድራይቨር እናድሳለን የሚሉ ነጻ ፕሮግራሞችን አትንኪ፣ ብዙዎቹ የማትፈልጊውን ነገር አብረው ይጭኑብሻል።

ድራይቨሩ ካለስ? ሪስታርት ስታደርጊ ይዞ፣ ሻት ዳውን አድርገሽ ስትከፍቺው ከጠፋ፣ ነገሩ ፋስት ስታርታፕ ሊሆን ይችላል። እሱ ሲበራ ዊንዶውስ በሻት ዳውን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ኮንትሮል ፓነል፣ ከዚያ ፓወር ኦፕሽንስ ገብተሽ አጥፊው።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ቤት አለኝ። ኮምፒውተሮቹን ከሌላ ሰው ነው የገዛኋቸው። ሪዞሉሽኑም፣ ዋልፔፐሩም፣ ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጥኩት ፋይልም ሪስታርት ሲደረጉ ይጠፋል።

መልስ፦ ፋይሉም ከጠፋ የስክሪን ችግር አይደለም። ዲፕ ፍሪዝ የሚባል፣ ሪስታርት በተደረገ ቁጥር ኮምፒውተሩን ወደ ተቆለፈበት ሁኔታ የሚመልስ ፕሮግራም ተጭኖበት ይሆናል። ታች ሰዓቱ አጠገብ የነጭ ድብ ምልክት ካለ ሺፍትን ይዘው ሁለቴ ይጫኑት። የይለፍ ቃል ይጠይቅዎታል፣ እሱን ከሻጩ ይጠይቁ። ከገቡ በኋላ “ቡት ቶውድ” (ቁልፉ ተከፍቶ ይነሳ) የሚለውን መርጠው ሪስታርት ያድርጉ። ሁሉንም ካስተካከሉ በኋላ መልሰው ይቆልፉት፤ ለኢንተርኔት ቤት በጣም ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ ሁለት ሞኒተር አለኝ። አንዱን አጥፍቼ ሳበራው የከፈትኳቸው ነገሮች ሁሉ ወደ ሌላው ሄደው አገኛቸዋለሁ።

መልስ፦ ሞኒተሩ ዲስፕሌይ ፖርት በሚባለው የገመድ ዓይነት ሲገናኝ ይህ ያጋጥማል። ሞኒተሩ ሲጠፋ ለዊንዶውስ ገመዱ የተነቀለ ይመስለዋል። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ መልቲፕል ዲስፕሌይስ ውስጥ የመስኮቶችን ቦታ እንዲያስታውስ የሚያደርግ ምርጫ አለ።

ጥያቄ፦ መብራት በሄደ ቁጥር ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ላይ የመረጥኩት የግራፊክስ ካርድ ይለወጣል። ሰዓቱም ይዛባል።

መልስ፦ ሰዓቱ ነው የነገረህ። ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችው፣ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱንና የባዮሱን ምርጫ የምትይዘው ክብ ባትሪ አልቃለች። አብዛኛውን ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለዋ ባለ 3 ቮልት ናት። ገመዱን ከሶኬት ነቅለህ ቀይራት፣ ጽሑፍ ያለበት ፊቷ ወደ ላይ ይሁን። ከዚያ ባዮስ ገብተህ ሰዓቱንና ካርዱን እንደገና አስተካክል።