ዶሮ ወጥና ጉደር ለምን አልተስማሙም?

ወጥህም ወይንህም ደህና ናቸው፤ አብረው ነው የማይሄዱት። ደሴ ቤትህ ለቅዳሜ እራት እንግዶች ልትጋብዝ ዶሮ ወጥህን ከጉደር ቀይ ወይን ጋር ስትሞክረው አቃጠለኝ፣ ወይኑም መረረኝ ብለሃል። ጉደር ጣፋጭ አይደለም፤ አፍ ጨምደድ ያደርጋል። በርበሬ ሲያገኘው ማቃጠሉ ይብሳል።

ጉደሩን ከወደድከው የበግ ጥብስ ሥራ። ስብ ያለው ሥጋ ምረጥ። በጋለ መጥበሻ ላይ ትንሽ በትንሹ ጥበሰው፤ ካጨናነቅከው ውሃ ያወጣና ይቀቀላል። ጠርዙ ቡናማ ሲሆን ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠልና አንድ ማንኪያ ቅቤ ጨምርበት። ቃሪያውን ለብቻው አቅርብ። ስቡና ጨው ወይኑን ያለሰልሱታል፤ ልዩነቱን በመጀመሪያው ጉርሻ ታውቀዋለህ።

ዶሮ ወጡ የግድ ከሆነ አክሱሚት የሚባለውን ጣፋጭ ወይን ግዛ። ጣፋጭነቱ በርበሬውን ያበርደዋል። ቀዝቀዝ ብሎ ይቀዳ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ወይን ድስት ውስጥ የምትጨምር ከሆነ በመጨረሻ አታድርገው። እኔ አንዴ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሬ፣ ሙሉ ድስት ኮምጥጦብኛል። ሽንኩርቱ እንደበሰለ ግማሽ ብርጭቆ አፍስስና የአልኮሉ ሽታ እስኪጠፋ አንተክትከው። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ሥጋው ቶሎ አይበስልም። በጊዜ ጣደው።