ኖሮ የማያውቀው ልጅ

ሰሞኑን አንዲት ነርሲንግ የምትማር ልጅ «ጋሼ፣ ታልሙድ መማር አማረኝ። ግን ራቢ አልሆንበት፣ ደሞዝ አይጨምርልኝ፤ ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ። ታልሙድ የጥንት ራቢዎች፣ ማለትም የአይሁድ ሃይማኖት መምህራን፣ በኦሪት ሕግ ላይ የተከራከሩበት መጽሐፍ ነው። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ያኔ እዚህ እስራኤል ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነበርኩ። ሰፈራችን በ1991 ቤተ እስራኤልን ከኢትዮጵያ ባመጣው በሰሎሞን ዘመቻ የመጡ አንድ ሽማግሌ የቤተ እስራኤል ቄስ ነበሩ። ነጭ ጥምጥማቸውና ጭራቸው አይለያቸውም። ኦሪቱን በግዕዝ ያውቁታል። ታልሙድ ግን አገር ቤት አልነበረንምና አዲስ ሆነባቸው። አንድ የየሺቫ (የታልሙድ ትምህርት ቤት) ተማሪ ማታ ማታ እየመጣ አብሯቸው ያጠናል፤ አስተርጓሚው እኔ ነኝ።

አንድ ማታ ሳንሄድሪን ከሚባለው የታልሙድ ክፍል ገጽ 71 ላይ ደረስን። ዘዳግም 21 ላይ ስላለው፣ በድንጋይ ይወገር ስለተባለው ዓመፀኛ ልጅ ነው። ራቢ ይሁዳ እናትና አባቱ በድምፅ፣ በመልክና በቁመት ካልተመሳሰሉ አይፈረድበትም ይላል። ቄሱ ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው «እንዲህ ያሉ ባልና ሚስት ከየት ይገኛሉ?» አሉ። ተማሪው በጣቱ ወደ ገጹ ታች ወርዶ አነበበ፦ እንዲህ ያለ ልጅ ኖሮ አያውቅም፣ ወደፊትም አይኖርም። ታዲያ ለምን ተጻፈ? አጥንተህ ዋጋህን ተቀበል።

ፊታቸው በራ። «እስቲ ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። ማንም የማይቀጣበት ሕግ፣ እንድንማረው ብቻ የተሰጠ! ከሥሩ ደግሞ ራቢ ዮናታን «እኔ አይቼዋለሁ፣ መቃብሩም ላይ ተቀምጫለሁ» ይላል። ቄሱ «ቆይ፣ ይህን አስቤበት ነገ እመልሳለሁ» አሉ። በማግስቱ የሌሊት ተረኛ አደረጉኝ፤ ጥናቱም በዚያው ቀረ። ቄሱ ካረፉ ቆዩ። ምን ሊሉ እንደነበር ሳልሰማ መቅረቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እናንተ ከእኛ የፈጠናችሁ ናችሁ፣ ዕብራይስጡም አፋችሁን የፈታችሁበት ነው። ግን መጽሐፉን ሳትገልጡ «ምን አተርፋለሁ?» ማለት አብዝታችኋል። ራቢ ጻዶቅ ኦሪትን መኩሪያ ዘውድ፣ መቆፈሪያም አካፋ አታድርጋት ብሏል። እኔም ጥቅም እያሰቡ መማር ጥናቱን ያበላሸዋል ባይ ነኝ።

ደግሞ ፐሳሒም በሚባለው የታልሙድ ክፍል ገጽ 50 ላይ ሰው ለሌላ ዓላማም ቢሆን ኦሪትን ይማር፣ ከዚያ ለኦሪት ለራሷ ብሎ ወደ መማር ይደርሳል ይላል። ይህም እውነት ነው፤ እኔ ራሴ መጀመሪያ የሄድኩት ቄሱን ላለማሳፈር ብዬ ነበር።

ብዙ ሰው ከታልሙድ በቀን አንድ ገጽ ያነባል። ራቢ ሜየር ሻፒሮ በ1923 ያስጀመሩት ነው፤ 2,711 ገጽ በሰባት ዓመት ተኩል ያልቃል፣ በማግስቱ እንደገና ይጀመራል። ለአንቺ ግን አልቸኩልም። የሚከራከርሽ ጥንድ ፈልጊ፣ አንድ ገጽ ላይ ወር ብትቆዩም ግድ የለም። ጥንድ ካጣሽ ማክሰኞ ማታ እኔ አለሁ።