ጄት ሲገዛ ምን ይገዛል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

አገሮች ተዋጊ ጄት እንዴት እንደሚመርጡ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ አመሰግናለሁ። ጥያቄው ብዙ ስለነበር ተመሳሳዮቹን ጨፍልቄ ስድስቱን አቅርቤአለሁ። "ዓ.ም." ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

"ጋሼ፣ ከጓደኞቼ ጋር ሁሌ እንከራከራለን። ከአሜሪካው ኤፍ-35፣ ከፈረንሳዩ ራፋልና ከሩሲያው ሱ-35 የቱ ነው አንደኛ? አገሮችስ ለምን ዝም ብለው አንደኛውን አይገዙም?" (የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ አዳማ)

"አንደኛ ለማን?" ብለህ ጀምር። ስዊድን ግሪፐንን ስትሠራ ያሰበችው ስለ ራሷ መሬት ነው። ጦርነት ቢነሳ ጠላት መጀመሪያ የሚመታው የአየር ማረፊያዎቼን ነው ብላ ሰጋች። ስለዚህ ጄቱን ከተራ የመኪና መንገድ ላይ አርፎ እንዲነሳ አድርጋ ሠራችው። አንድ ባለሙያና ጥቂት ብሔራዊ ውትድርና ላይ ያሉ ወጣቶች በደቂቃዎች ውስጥ ነዳጅ ሞልተው፣ አስታጥቀው ይልኩታል። ይህ ለስዊድን ወርቅ ነው። ሩቅ ድረስ ሄዶ ጠላት አገር ውስጥ ዘልቆ መምታት ለሚፈልግ አየር ኃይል ግን ሚዛኑ ሌላ ነው።

ምርጫው በተግባር እንዴት እንደሚካሄድ ማየት ከፈለግህ ፊንላንድን ተመልከት። ሆርኔት የሚባሉትን ያረጁ አሜሪካ ሠራሽ ጄቶቿን የሚተካ ፈለገች። ኤፍ-35፣ ሌላው የአሜሪካ ጄት ሱፐር ሆርኔት፣ ራፋል፣ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚሠሩት ዩሮፋይተርና ግሪፐን ቀረቡ። በ2020 መጀመሪያ፣ በብርዱ ወራት፣ ተራ በተራ አስመጥታ በራሷ በረዶና ጨለማ ውስጥ አስበረረቻቸው። እኔን ያስደነቀኝ ግን ፈተናው አይደለም፤ ማጣሪያው ነው። በችግር ጊዜ የጥገናና የዕቃ አቅርቦት ዋስትና አለ ወይ? ዓመታዊ ወጪው ከአቅም በላይ አይሆንም ወይ? ለአገር ውስጥ ኢንዱስትሪ በቂ ሥራ ይመጣል ወይ? እነዚህ ነጥብ የሚሰጥባቸው አልነበሩም። ወይ ታልፋለህ፣ ወይ ትወድቃለህ። ደረጃ የወጣው በውጊያ ብቃት ብቻ ነው።

ዋጋውም ቢሆን "ማነው በርካሽ የሚሸጥልኝ?" በሚል አልተጠየቀም። ጣሪያው 10 ቢሊዮን ዩሮ ተባለና "በዚህ ገንዘብ ከሁሉ የተሻለ ምን ትሰጡኛላችሁ?" ነው የተባሉት። በታኅሣሥ 2021 ኤፍ-35 ከአምስት 4.47 ነጥብ አግኝቶ አሸነፈ። ሁለተኛው 3.81 ነበር። እኔ ከማውቃቸው ውድድሮች ሁሉ በንጽሕናው የማደንቀው ይህንን ነው።

"የአንድ ጄት ዋጋ አንዱ ዜና 80 ሚሊዮን ይላል፣ ሌላው 130 ሚሊዮን። ማንን እንመን?" (የሒሳብ ባለሙያ፣ ዱባይ)

ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። እርስዎ የሒሳብ ሰው ስለሆኑ የፊንላንድን ደረሰኝ ላሳይዎት። 64 ጄት፣ በአጠቃላይ 8.378 ቢሊዮን ዩሮ። ለ64 ቢያካፍሉት ወደ 131 ሚሊዮን ይመጣል። ነገር ግን ለአውሮፕላኖቹ ብቻ የተከፈለው 4.703 ቢሊዮን ነው። ያ ሲካፈል 73.5 ሚሊዮን አካባቢ ነው። የቀረው ከአየር ወደ አየር ለሚተኮሱ ሚሳይሎች 754.6 ሚሊዮን፣ ለጥገና መሣሪያ፣ ለመለዋወጫ፣ ለሥልጠናና እስከ 2030 መጨረሻ ለሚሰጥ አገልግሎት 2.92 ቢሊዮን ሆነ።

ይህም መግቢያው ነው። ጄት 30 እና 40 ዓመት ይበራል። በእያንዳንዱ የበረራ ሰዓት ነዳጅ አለ፣ የሚፈታ ሞተር አለ፣ የሚቀየር ዕቃ አለ። የአሜሪካ ኦዲት መሥሪያ ቤት የራሷን ኤፍ-35ዎች በዕድሜ ዘመናቸው ለማብረርና ለመጠገን የሚወጣውን ወጪ በ2018 1.1 ትሪሊዮን ዶላር ብሎ ነበር። በ2023 ግምቱ ወደ 1.58 ትሪሊዮን ወጣ። ባለቤቷ እንኳ እንዲህ ከደነገጠች ገዢ አገር ከመፈረሙ በፊት ሁለቴ ቢያስብ አይፈረድበትም።

"እዚህ ስዊዘርላንድ ጄት ለመግዛት ሕዝብ ድምፅ ይሰጣል። ሕዝቡ ስለ ጄት ምን ያውቃል? የኢትዮጵያ አየር መንገዱ አውሮፕላንስ በዚህ ጉዳይ ለምን ይነሳል?" (ጄኔቫ)

ሁለቱን ጥያቄዎችዎን አንድ ላይ ልመልስ፣ የተሳሰሩ ናቸውና።

የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ሮም ይበር የነበረውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 702 ረዳት አብራሪው ጠለፈው። ዋናው አብራሪ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲወጣ በሩን ከውስጥ ቆለፈና አውሮፕላኑን ወደ ጄኔቫ ወሰደው። 202 ሰው ተሳፍሮበት ነበር። የጣሊያን ዩሮፋይተሮች፣ ቀጥሎ የፈረንሳይ ሚራዦች አጀቡት። ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ ጄኔቫ አረፈ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ማንም አልተጎዳም።

ታዲያ የስዊዘርላንድ ጄቶች የት ነበሩ? መሬት ላይ። በዚያን ጊዜ የስዊዘርላንድ አየር ኃይል ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የሚነሳው በሥራ ሰዓት ብቻ ነበር። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 6፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 11። ዓለም ተገረመ። በዚያ በረራ ላይ የነበሩትን ወገኖቻችንን ሳስብ ግን እኔን የሚሰማኝ ጭንቀት ነው።

እንግዲህ ልብ ይበሉ። ልክ ከሦስት ወር በኋላ፣ ግንቦት 10 ቀን፣ ስዊዞች 22 ግሪፐን ለመግዛት በ3.1 ቢሊዮን ፍራንክ ላይ ድምፅ ሰጡ። ከጠለፋው በኋላ "እሺ" ይላሉ ብሎ የገመተ ቢኖር ተሳሳተ። 53.4 በመቶው "አይሆንም" አለ።

መንግሥት ከዚህ አንድ ነገር ተማረ። በዚያ በግንቦቱ ድምፅ የተጠየቀው ስለ አንድ የታወቀ ጄት ነበር፤ ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ ግሪፐን ላይ ወደቀ። በመስከረም 2020 ግን የጄቱ ስም ሳይነሳ ገንዘቡ ብቻ ለድምፅ ቀረበ፦ እስከ 6 ቢሊዮን ፍራንክ። 50.1 በመቶ አለፈ። ልዩነቱ 9 ሺህ ድምፅ እንኳ አይሞላም። በቀጣዩ ዓመት 36 ኤፍ-35 ተመረጠ። የ24 ሰዓት ጥበቃውም በ2020 መጨረሻ ሙሉ ለሙሉ ተጀመረ።

ሕዝቡ ስለ ራዳርና ስለ ሞተር ላያውቅ ይችላል። ግብሩን የሚከፍለው ግን እሱ ነው፤ ስለዚህ የመጠየቅ መብቱ የእኔ ድጋፍ አለው። ጥያቄው እንደሚጠቅም ለማየት 2025ን ማየት ይበቃል። መንግሥት "ዋጋው ቁርጥ ነው" ሲል ቆይቶ አሜሪካ "አይደለም" አለች። ተጨማሪው ከ650 ሚሊዮን እስከ 1.3 ቢሊዮን ፍራንክ ሊደርስ እንደሚችል ተነገረ። ያኔ ሁሉም ሰው ፊቱን ወደ ውሉ አዞረ።

"ሻጩ አገር ከርቀት ቁልፍ ተጭኖ ጄቱን ማጥፋት ይችላል የሚባለው እውነት ነው?" (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ይህ ወሬ በ2025 አውሮፓ ውስጥ ክፉኛ ተናፍሶ ነበር። ኤፍ-35ን በአንድ ቁልፍ ማጥፋት ይቻላል መባሉን ሻጮቹም ገዢዎቹም አስተባብለዋል። እኔም ቁልፉን መፈለግ የተሳሳተ ቦታ መፈለግ ነው ባይ ነኝ። መለዋወጫ፣ ሶፍትዌርና ሚሳይል ከአንድ በር የሚመጡ ከሆነ በሩን መዝጋት ይበቃል።

ፓኪስታን ይህን በደንብ ታውቀዋለች። ኤፍ-16 አዘዘች፣ ገንዘብም ከፈለች። በጥቅምት 1990 አሜሪካ በፓኪስታን የኑክሌር ፕሮግራም ምክንያት እርዳታና ሽያጭ አቋረጠች። 28 ጄቶች ተሠርተው ወደ አሪዞና በረሃ ተወሰዱና ቆሙ። ፓኪስታን ወደ 658 ሚሊዮን ዶላር ከፍላለች፤ ጄቶቹን ግን አላየቻቸውም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። ነገሩ በስምምነት ያለቀው በ1998 መጨረሻ ነው። ካሳው ከፊሉ በጥሬ ገንዘብ፣ ከፊሉ በስንዴና በሌላ ሸቀጥ ነበር። ለጄት ከፍሎ ስንዴ መቀበል!

ሻጩ ራሱም ነጻ ላይሆን ይችላል። በ1977 እስራኤል ክፊር የተባለውን ጄቷን ለኢኳዶር ልትሸጥ ስትል አሜሪካ ከለከለች። ጄቱ የእስራኤል ነው፤ ሞተሩ ግን የአሜሪካ ነበር። የዛሬው ግሪፐንም የሚበረው በአሜሪካ ሞተር ነው። ስለዚህ "ከአሜሪካ ነጻ ለመሆን ግሪፐን እንግዛ" የሚል ሰው ሲያጋጥምዎ ሞተሩን ይጠይቁት። ፈረንሳይ ራፋልን ስትሸጥ ደጋግማ የምታነሳውም ይህንኑ ነው፤ ሞተሩም ራዳሩም ከራሷ ቤት ነው የሚወጣው።

"ጨረታው ለምን አሥር ዓመት ይፈጃል? ጉቦ ለመደራደር ነው እንዴ?" (ሐዋሳ)

ጉቦ ነበረ፣ አይካድም። በ1976 የኔዘርላንድ ንግሥት ባለቤት ልዑል በርንሃርድ ከአሜሪካው አውሮፕላን ሠሪ ኩባንያ ከሎክሂድ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ተቀብለዋል ተብሎ ትልቅ ቅሌት ወጣ። ወታደራዊ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፣ መለዮ እንዳይለብሱም ተከለከሉ። አሜሪካ በቀጣዩ ዓመት ኩባንያዎቿ ለውጭ ባለሥልጣን ጉቦ እንዳይሰጡ ሕግ አወጣች።

መዘግየቱ ግን ሁሌ ከዚያ አይመጣም። ህንድ በ2007 ለ126 ጄት ጨረታ አወጣች፤ ስድስት ተወዳዳሪ ቀረበ። በ2012 መጀመሪያ ራፋል ተመረጠ። ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ ህንድ ውስጥ ይገጣጠሙ በሚለው ላይ ድርድሩ ታነቀ። ፈረንሳዮቹ ጥራቱን በሌላ ሰው ፋብሪካ ማን ይፈርምበታል አሉ። በ2015 ጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲ ፓሪስ ሄደው 36 ብቻ፣ ተሠርተው ያለቁ፣ እንገዛለን አሉ። ውሉ የተፈረመው በ2016 ነው።

ብራዚል ደግሞ ሌላ ታሪክ አላት። ሱፐር ሆርኔት፣ ራፋልና ግሪፐን ተፋጥጠው ነበር። በ2013 አሜሪካ የፕሬዚዳንት ዲልማ ሩሴፍን ግንኙነት ትሰልል እንደነበር ተጋለጠ። ሩሴፍ የዋሽንግተን ጉብኝታቸውን ሰረዙ። በታኅሣሥ ወር ግሪፐን አሸነፈ። ስለላው ብቻውን ወሰነው አልልም፤ ስዊድን ዕውቀቱን ለማካፈል፣ በብራዚሉ ኩባንያ በኤምብራየር ፋብሪካ ውስጥ ለመገጣጠም ተስማምታለች። ሆኖም ጓዳህን ሲያዳምጥ ከያዝከው ሰው ጋር የ30 ዓመት ውል መፈረም ለማንም ይከብዳል።

"የእኛስ? ኢትዮጵያ ጄት የመረጠችው በምን መስፈርት ነው?" (ድሬዳዋ)

ይህንን ጥያቄ ከሁሉ የበለጠ ወድጄዋለሁ።

በንጉሡ ዘመን አየር ኃይላችን የአሜሪካ ነበር ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ኤፍ-86፣ ቀጥሎ ኤፍ-5 መጣ። ጄቱን ያመጣው ወዳጅነቱ ነው። በ1977 መጀመሪያ የካርተር አስተዳደር በሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት ወታደራዊ እርዳታውን ቆረጠ። ከወራት በኋላ፣ በሐምሌ 1969 ዓ.ም.፣ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። አስቡት፤ ጄቶቹ አሜሪካ ሠራሽ ናቸው፣ አሜሪካ ግን በሩን ዘግታለች።

በዚያ ሁኔታ ነው እንግዲህ እንደ ለገሰ ተፈራ ያሉ አብራሪዎች በኤፍ-5 ተነስተው የሶማሊያን ሶቪየት ሠራሽ ሚጎች የጣሉት። በወረቀት ላይ ሚግ-21 ከኤፍ-5 ይፈጥናል። ሰማይ ላይ የወሰነው ግን የአብራሪዎቹ ሥልጠናና ጄቶቹ ለበረራ ዝግጁ ሆነው መገኘታቸው ነው። ይህንን ሳስብ ሁሌ ልቤ ይሞላል።

ያ ጦርነት ለገዢ አገር ሁሉ ትምህርት ቤት ነው። ሶቪየት ኅብረት ፊቷን ወደ እኛ ስታዞር ሶማሊያ በኅዳር ወር ሩሲያውያኑን አስወጣች። ስለዚህ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱም ተዋጊዎች ጄቶቻቸውን የሠራላቸውን አገር አጡ። እኛ ወደ ሚግ ዞርን፤ አብራሪውም ቴክኒሺያኑም እንደገና ከሀ ጀመረ።

ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ጊዜ ደግሞ በ1998 ከሩሲያ ሱ-27 ተገዛ። ኤርትራ ሚግ-29 ነበራት። የዓመታት ግምገማ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ጦርነቱ ደጃፍ ላይ ነው። የተመረጠው ቶሎ የሚደርሰውና ለአስርት ዓመታት በለመድነው የሶቪየት አሠራር የተሠራው ነው። ፊንላንድ በማጣሪያዋ የጠየቀችውን የአቅርቦት ጥያቄ የእኛ ሰዎች በኑሮ ያውቁት ነበር።

ስለ አብራሪዎቹ ብዙ ተጽፏል። በ1969 እና በ70 ዓ.ም. መለዋወጫ በጠፋበት ጊዜ ቢሾፍቱ ባለው የሐረር ሜዳ አየር ኃይል ሰፈር ሌሊቱን ኤፍ-5 ሲጠግኑ ስላደሩት ሰዎች ግን ያነበብኩት ጥቂት ነው። ቢሾፍቱ ውስጥ ዛሬም አንዳንዶቹ በሕይወት አሉ። አባትዎ ወይም አጎትዎ ከእነሱ አንዱ ከሆኑ፣ የትኛው ዕቃ እንዳለቀባቸውና በምን እንደተኩት ጠይቀው ይጻፉልኝ። በሚቀጥለው አወጣዋለሁ።