«ሳልጨርስ አቋረጥከኝ»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ባለቤቴም ሆነች የሥራ ባልደረቦቼ በአንድ ነገር ይወቅሱኛል፤ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ቃሉን ከአፉ ትነጥቃለህ ይሉኛል። ንቄ አይደለም፤ ሊሉት የፈለጉት ቀድሞ ስለሚገባኝ ነው። አፌን ይዤ ለመቆየት ስሞክር ደግሞ ልናገር ያሰብኩት እንዳይጠፋብኝ በልቤ ስደጋግመው ስለምቆይ፣ የሚነገረኝ በጆሮዬ ያልፋል እንጂ አይገባኝም። ይህን ጠባይ ማረም ይቻላል?

መልስ፦ የደብዳቤዎ ቁም ነገር ያለው «ቀድሞ ይገባኛል» ካሉት ይልቅ በመጨረሻ ባሰፈሩት ላይ ነው። ዝም ብለው በቆዩ ጊዜም አላዳመጡም። ስለዚህ ችግሩ የሚጀምረው ከአፍዎ ሳይሆን ከጆሮዎ ነው፤ አፍን ብቻ መግታትም መድኃኒት አይሆነውም።

ራስዎን አብዝተው እንዳይወቅሱ ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመና በዐሥር ቋንቋዎች የሚደረግ ጭውውትን የመረመረ ጥናት፣ በጥያቄ ማብቂያና በመልስ መጀመሪያ መካከል ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊ ሰከንድ ገደማ፣ ማለትም የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይቷል። አእምሯችን ግን አንዲት ቃል መርጦ ለአንደበት ለማቀበል እንኳ 600 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ከዚህ የምንረዳው ማናችንም ብንሆን መልሳችንን ማሰናዳት የምንጀምረው ሌላው ገና እየተናገረ ሳለ መሆኑን ነው። እርስዎን ከሌላው የሚለይዎ እጅግ ቀድመው መጀመርዎ ነው፤ የንግግሩን መነሻ እንደሰሙ መድረሻውን ይወስኑለታል። ሰው ደግሞ በተለይ የከበደውን ነገር ሲናገር ዋናውን ጉዳይ የሚያወጣው ዙሪያውን ከዞረ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ነው። እርስዎ ቀድሞ የሚገባዎት ዙሪያው ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ።

ለምሳሌ ባለቤትዎ «ዛሬም ስብሰባው አንድ ሰዓት ሙሉ ዘግይቶ ተጀመረ፤ ይቅርታ ያለ ሰው እንኳ የለም» ብላ ስትጀምር፣ «ታዲያ ለምን ጥለሽ አልወጣሽም?» ብለው ቢመልሱላት መፍትሔ የሰጡ ይመስልዎታል። እርሷ ግን መፍትሔ አልጠየቀችም፤ ምናልባትም ሊመጣ ያለው ዐረፍተ ነገር በሥራ ቦታዋ ከሰው አልቆጠሩኝም የሚል ነበር። እስክትጨርስ ቆይተው፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ካሉ በኋላ «ያናደደሽ መዘግየቱ ነው ወይስ ይቅርታ አለመባሉ?» ቢሏት ሁለት ነገር ያገኛሉ። የገመቱት ልክ ከሆነ እንደተሰማች ታውቃለች፤ ስተው ከሆነም ራሷ ታርምዎታለች። ይህ ጥያቄ ለእርስዎ ሌላም ጥቅም አለው፤ የሰሙትን መልሰው እንደሚናገሩ አስቀድመው ካወቁ፣ የራስዎን መልስ በልብዎ ለመደጋገም ፋታ አያገኙም።

የሰሙትን በራስ ቃል መልሶ የመናገር ልማድ አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ካርል ሮጀርስና ሪቻርድ ፋርሰን እ.ኤ.አ. በ1957 «ንቁ ማዳመጥ» ብለው ባስተዋወቁት ሐሳብ ውስጥ ትልቅ ስፍራ አለው። ሆኖም በየሥልጠናው ሲንከባለል የቀመር መልክ ስለያዘ ጥንቃቄ ያሻዋል። በየሁለት ዐረፍተ ነገሩ «እንደተረዳሁህ ከሆነ» የሚል ሰው ቃል ተቀባይ መርማሪ እንጂ ወዳጅ አይመስልም። እኔ ብሆን በአንድ ጭውውት ውስጥ አንዴ፣ ነገሩ በከበደበት ቦታ ላይ ብቻ እጠቀምበታለሁ።

ሐሳቤ ይጠፋብኛል ለሚለው ስጋትዎ፣ በስብሰባ ላይ ከሆኑ አንዲት ቃል ብቻ ወረቀት ላይ ጽፈው ጆሮዎን ለተናጋሪው ይመልሱ። በቤት ውስጥ ጭውውት ግን ይጥፋ፤ የሚጠቅም ሐሳብ ከሆነ ተመልሶ ይመጣል። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንደሚባለው፣ አቋርጠው መገኘትዎ አይቀርም። ያን ጊዜ «ይቅርታ፣ ቀጥል» ማለት አይበቃም፤ «አቋረጥኩህ፤ ደብዳቤውን ማን እንደጻፈው እየነገርከኝ ነበር» ብለው ንግግሩን ከተቆረጠበት ቦታ ይመልሱለት። የተቆረጠበትን ቦታ የሚያውቀው ሲያዳምጥ የነበረ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ቅሬታው እዚያው ይለዝባል። በነገራችን ላይ ሰው ሲናገር «እሺ»፣ «ልክ ነው»፣ «ከዚያስ?» እያሉ መከተል ማቋረጥ አይደለም። ጠባዬን አርማለሁ ብለው እንደ ግድግዳ ዝም እንዳይሉ።

ጥያቄ፦ የአንድ አነስተኛ የሥራ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ሥራ ሳከፋፍል በግልጽ እናገራለሁ፤ «ገብቷችኋል?» ስላቸውም «አዎ» ይሉኛል። የሚሠራው ግን ሌላ ነው። ሰነፎች ናቸው ልበል?

መልስ፦ ከማለትዎ በፊት እ.ኤ.አ. በ1990 ኤሊዛቤት ኒውተን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያደረገችውን ሙከራ ይመልከቱ። ተሳታፊዎቹ በሰፊው የሚታወቁ ዘፈኖችን ምት በጣታቸው ጠረጴዛ ላይ እየመቱ፣ አድማጮች የዘፈኑን ስም እንዲለዩ ተጠየቁ። መቺዎቹ ግማሽ ያህሉ ይታወቃል ብለው ገምተው ነበር፤ ከ120 ዘፈኖች የታወቁት ግን 3 ብቻ ነበሩ። መቺው ጣቱን በሚያንቀሳቅስበት ጊዜ ዜማው ሙሉ ሆኖ በጆሮው ስለሚያስተጋባ፣ ሌላው የሚሰማው ባዶ ኳኳታ መሆኑ አይታየውም። እርስዎም ሥራውን ከነምክንያቱ በልብዎ ይዘው ስለሚናገሩ፣ ያልተናገሩት ሁሉ የተናገሩት ይመስልዎታል።

«ገብቷችኋል?» የሚለውን ጥያቄ ይተዉት፤ በአለቃ ፊት «አልገባኝም» ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። በምትኩ «ከየቱ ትጀምራላችሁ?» ወይም «ሲያልቅ ምን ይዛችሁልኝ ትመጣላችሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ አለመግባባቱ ካለ ከሳምንት በኋላ ሳይሆን እዚያው ይወጣል። «ቶሎ» የሚለውን ቃል በቀንና በሰዓት፣ «አንድ ሰው ይከታተለው» የሚለውን ደግሞ በሰው ስም ይተኩ። ስንፍናን የሚጠረጥሩት ይህን ሁሉ አድርገው ካልተሻሻለ ብቻ ይሁን።

ጥያቄ፦ ከመግባባት 93 በመቶ የሚሆነው በድምፅ ቃናና በሰውነት እንቅስቃሴ እንጂ በቃላት አይደለም ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ በዚህ መልኩ ሲነገር እውነት አይደለም። ቢሆን ኖሮ የማናውቀውን ቋንቋ የሚናገርን ሰው በማየት ብቻ ንግግሩን ከሞላ ጎደል በተረዳን ነበር። ቁጥሩ የመጣው የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት መህራቢያን እ.ኤ.አ. በ1967 ከባልደረቦቹ ጋር ካሳተማቸው ጥናቶች ነው። የተጠናው ሰዎች የአንድን ሰው የመውደድ ወይም የመጥላት ስሜት ከቃል፣ ከድምፅና ከፊት እንዴት እንደሚገምቱ ሲሆን፣ ክፍፍሉም በቅደም ተከተል 7፣ 38 እና 55 በመቶ ተብሎ ቀረበ፤ 93 የሚባለው የኋለኞቹ ሁለቱ ድምር ነው። ተመራማሪው ራሱ ቀመሩ ለማንኛውም ዓይነት ንግግር እንደማይሠራ አሳስቧል። ከጥናቱ ለዕለት ኑሮ የሚተርፈው ትምህርት ጠባብ ቢሆንም ጠቃሚ ነው፤ ቃልና ፊት ሲጋጩ አድማጭ ፊትን ያምናል። ተቀይመው ሳለ ፊትዎን አዙረው «ምንም አልሆንኩም» ከሚሉ፣ «ተቀይሜያለሁ፤ አሁን ግን ማውራት አልፈልግም፤ ማታ እንነጋገር» ቢሉ ይሻላል።