«ይሄን ዊኪ ላይ አትጻፈው» አሉኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን ነው። ኮምፒውተር የምንጠግን ልጆች የምናውቀውን የምናጠራቅምበት የጋራ ዊኪ ከፍተናል፤ ደብረ ሲናና መሐል ሜዳ ያሉ ጓደኞቻችንም ይጽፉበታል። አሁን በአንድ ገጽ ሆድና ጀርባ ሆነናል። እኔ ዴቢያን (ከሊኑክስ ሲስተሞች አንዱ) ላይ ከራሱ ሪፖዚተሪ (የፕሮግራም ማከማቻ) ውጭ ፕሮግራም እንዴት እንደሚጫን ጻፍኩ፦ የሌላ ሪፖዚተሪ መጨመር፣ ፓኬጅ (ለመጫን የተዘጋጀ ፕሮግራም) በፍላሽ ማምጣት፣ ስክሪፕት በአንድ መስመር ትእዛዝ ከኢንተርኔት ስቦ ማስኬድ። አንዱ ልጅ «ሰው ማሽኑን እንዲያበላሽ ማስተማር ነው» ብሎ አጠፋው። እኔ ደግሞ ካልጻፍነው ከቴሌግራም ያገኙታል ባይ ነኝ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይጻፍ። እንዳለ ግን አይመለስ።

ልጁ ዝም ብሎ አልፈራም። ዴቢያን ላይ የኡቡንቱ ፒፒኤ (ለሌላው ሊኑክስ፣ ለኡቡንቱ፣ ግለሰቦች የሚከፍቱት ሪፖዚተሪ) ጨምር፣ የዛን ዕለት ሁሉም ነገር ሸጋ ነው፣ ባለቤቱም አመስግኖ ላፕቶፑን ይዞ ይሄዳል። ጉዱ የሚፈላው አፕዴት ሲደረግ ነው። አንዱ ፕሮግራም አዲሱን ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩትን ኮድ) ካላገኘሁ ይላል፣ ሌላው አሮጌውን አልለቅም ይላል፣ ጫኙ ፕሮግራም አፕት መሀል ላይ ቀጥ። የዴቢያን ዊኪ እንዲህ የተደባለቀን ማሽን «ፍራንከንዴቢያን» ይለዋል፤ ዴቢያንን አትስበሩ የሚል ራሱን የቻለ ገጽም አለው። አየህ፣ ስሙን ጠርተው ጻፉት እንጂ አልደበቁትም።

አርች የሚባለው ሌላው ሊኑክስማ ይብሳል። ኤዩአር በሚባለው ማከማቻው ላይ ያለውን የሚያስገቡት ተጠቃሚዎቹ ናቸው፣ ዋስ የሚሆን የለም፣ ዊኪው ግን አጠቃቀሙን በዝርዝር ያስተምራል፤ ከመጫንህ በፊት የፓኬጁን መሥሪያ ፋይል አንብብ ይላል። የሚለው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አክሮሪድ የሚባል የፒዲኤፍ ማንበቢያ ፓኬጅ ተንከባካቢ አጥቶ ቆይቶ፣ አንዱ ተረከበውና ተንኮለኛ ኮድ ከተተበት። ኦፊሴላዊ ስለሆነም ዓይን ጨፍነህ አትመን። እ.ኤ.አ. በፌብሯሪ 2016 ሚንት የሚባለው ሊኑክስ ድረ ገጽ ተሰብሮ ማውረጃው ሊንክ በሩ ለሌባ ክፍት ወደሆነ የሲስተሙ ኮፒ ይመራ ነበር። ውሃን ከጥሩ ነው ነገሩ፤ ገጽህ ፊርማና ቼክሰም (ፋይሉ እንዳልተነካ የሚያሳይ ቁጥር) ማመሳከርን ያሳይ።

ወደ ሦስቱ መንገዶችህ ስንመጣ፣ የፍላሹን አላግባብ ነው ከሌሎቹ ጋር የከሰስከው። አፕት-ኦፍላይን የሚባል መሣሪያ አለ። ኢንተርኔት የሌለው ማሽን ላይ የሚፈለገውን ዝርዝር ያወጣልሃል፣ ዝርዝሩን በፍላሽ ኢንተርኔት ወዳለበት ወስደህ ከዴቢያን ከራሱ ታወርዳለህ፣ ተመልሰህ ትጭናለህ። ምኑ ነው ሕገወጡ? መሐል ሜዳ ላለው ጓደኛህ መጀመሪያ የሚጻፈው ይሄ ነው። ፍላትፓክ (ፕሮግራሙን ከሚፈልገው ላይብረሪ ጋር ለብቻው የሚጭን ዘዴ) ይሻላል የሚልህም አይጠፋም፣ እውነቱን ነው፣ ከሲስተሙ ላይብረሪ ጋር አይጣላም። ግን የመጀመሪያው ጭነት ብዙ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይበላል፤ ዳታ በጥቅል ለሚገዛ ሰው ይሄንንም ንገሩት።

የአንድ መስመሩን ስክሪፕት አውጣው። ፋይሉን አውርዶ፣ ከፍቶ አይቶ፣ ከዛ ማስኬድ ተብሎ ይጻፍ። ሳያዩ ሱዶ (የአስተዳዳሪ ሥልጣን) መስጠት ምን የሚሉት ጀግንነት ነው! ክራክ (ፈቃዱ የተሰበረ ፕሮግራም) ደግሞ ጭራሽ እዚህ ክርክር ውስጥ አይግባ፤ ምንጩን የምታመሳክርበት ነገር የለህም።

የሌላ ሪፖዚተሪው ይግባ፣ ግን ለብቻው ገጽ ላይ፤ ማን እንደሞከረው፣ መቼና በየትኛው የዴቢያን ቁጥር ላይ እንደሆነ ከላይ ይጻፍ። ዋናው ማራገፊያው ነው። ሪፖዚተሪውን ከዝርዝሩ መሰረዝ ብቻ አይበቃም፣ ከሱ የመጡት ፓኬጆች እዛው ናቸው፤ አንድ በአንድ ወደ ዴቢያኑ ቅጂ መመለስ አለባቸው። ይሄን መጻፍ ያቃተው ሰው መጫኛውንም አይጻፍ።

ማራገፊያውን ጽፈህ ስትጨርስ ላጠፋብህ ልጅ ስጠው። በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጭኖ ያራግፈው፤ አፕዴቱ ሳይደናቀፍ ካለፈለት ገጹን መልሶ የሚያወጣው እሱ ይሁን።