ቀለበት ውስጥ በራይኖ የተጻፈ የአማርኛ ስም ሲፈስ ለምን ይበላሻል?

እህቴ፣ የቃል ኪዳን ቀለበቱ ውስጥ በራይኖ (በኮምፒውተር የ3ዲ ቅርጽ መንደፊያ ፕሮግራም) «ሙሉጌታ» ብለሽ ጽፈሽ፣ በብር ሲፈስ «ሉ» «ለ» ሆነ፣ የ«ጌ» ክብ ደግሞ ጉድጓድ ብቻ ሆነች ብለሻል። ይህ የአፍሳሹ ጥፋት አይመስለኝም፤ ፊደሉ ገና ፋይሉ ላይ ሳለ ቀጭን ነበር። ፋይሉ መጀመሪያ በሬዚን ይታተማል፤ ከዚያ በህትመቱ ዙሪያ የጂፕስ ሻጋታ ይሠራና ብሩ እሱ ውስጥ ይፈስሳል።

በእኛ ፊደል ድምፁን የምትለውጠው ትንሿ ቅጥያ ናት። የፊደሉ ቁመት 2 ሚሜ ሲሆን በቀጭን ፎንት የ«ሉ» ቅጥያ ከ0.2 ሚሜ በታች ትወርዳለች። የተቀረጸው መስመር እንዲህ ጠባብ ቦይ ሲሆን፣ ሲታተም ፈሳሽ ሬዚን ውስጡ ቀርቶ ይደፍነዋል፤ የተረፈውን ፖሊሹ ይጨርሰዋል። የ«ሌ»፣ «ቤ»፣ «ጌ» ክብ ችግር ግን ሌላ ነው፦ መሃሏ ላይ የሚቀረው የሬዚን ምሰሶ እጅግ ቀጭን ስለሆነ ሲታጠብ ይሰበራል። ስለዚህ የቦዩን ስፋት ከ0.3 ሚሜ፣ የክቧን መሃል ከ0.4 ሚሜ አታሳንሺ። ኒያላ ፎንት ቀጭንና ወፍራም መስመር ስለሚቀላቅል ለዚህ ሥራ አልመርጠውም፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ቦልድ ይሻላል፣ ቁመቱንም 2.5 ሚሜ አድርጊው። ያም ካልበቃ ሙሉውን ፊደል በኦፍሴት (ጠርዙን ሁሉ እኩል በሚያሰፋው ትእዛዝ) አታወፍሪ፣ የክቧን መሃል ይደፍነዋል። ቅጥያዋንና ክቧን ብቻ በእጅ ወደ ውጭ አስፊ።

አሠራሩ፦ በቴክስት ኦብጀክት ትእዛዝ ጽሑፉን በከርቭ (በመስመር መልክ) አውጪ። መስመሮቹ ተደራርበው ከመጡ በከርቭ ቡሊያን አዋህጃቸው፤ ይህን ያለፈ ሰው ኋላ ቡሊያኑ (ቅርጽን ከቅርጽ መቁረጡ) እምቢ ይለዋል። የውስጥ ዲያሜትሩ 17 ሚሜ ከሆነ ዙሪያው 53.4 ሚሜ ነው፤ በዚህ ርዝመትና በቀለበቱ ስፋት ጠፍጣፋ ሰርፌስ (ገጽ) ሥሪ። ጽሑፉን 1 ሚሜ አወፍረሽ 0.4ቱ ከሰርፌሱ በታች፣ 0.6ቱ በላይ እንዲሆን አስቀምጪ። ልክ ሰርፌሱ ላይ ካቆምሽው ሁለቱ ፊቶች ይገጣጠሙና መቁረጡ ይከሽፋል። ከዚያ በፍሎው አሎንግ ሰርፌስ ወደ ቀለበቱ የውስጥ ፊት እጠፊው። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ማዕዘን አጠገብ ጠቅ አድርጊ፤ ጽሑፉ ተገልብጦ ከመጣ ሌላኛውን ጫፍ ሞክሪ። የሰርፌሱ መጋጠሚያ መስመር በፊደል መሃል እንዳያልፍ አዙሪው። መጨረሻ ላይ በቡሊያን ዲፈረንስ ጽሑፉን ከቀለበቱ ቁረጪ።

ጥልቀቱ ከቦዩ ስፋት ብዙ አይብለጥ። ፋይሉ ላይ ቦይ የሆነው ሻጋታው ላይ ቀጭን የጂፕስ ግድግዳ ነው፤ ከረዘመ የሚገባው ብር ይሰብረውና ፊደሉ ይጠፋል፣ ስብርባሪው ደግሞ ሌላ ቦታ ቀዳዳ ይሆናል። የቀለበቱ ውፍረት ቢያንስ 1.5 ሚሜ ይሁን። ሲታተም በ0.025 ሚሜ ንብርብር፣ ድጋፎቹም ከውጭ በኩል ይሁኑ።

ቀለበቱ ጠባብ ሆኖ ፊደሉ ከ2 ሚሜ በታች እንዲሆን ግድ ካለ ፋይሉ ላይ አትቅረጪው። ቀለበቱን ያለ ጽሑፍ አስፈስሽ፣ ከፖሊሽ በኋላ በሌዘር አስጽፊው።