ከምርጫው ቀን በፊት መታወቂያችሁን አውጥታችሁ እዩት

የአሜሪካ ምርጫ ሲቃረብ ጅማ ውስጥ ሳይቀር ክርክሩ ይጦፋል። ለእረፍት የመጡ ልጆች ፈረንጅ አራዳ ቡና ይዘው ይቀመጡና ያለ ፎቶ መታወቂያ መምረጥ ይገባል አይገባም እያሉ ይፋጠጣሉ። አንዱ «እዚህ ጅማ እንኳ ያለ ቀበሌ መታወቂያ ማን ያስመርጥሃል?» ይላል። ሌላው «ድሃውንና ሽማግሌውን ለማስቀረት ነው» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩን አልጠላውም። ግን ብዙ ዓመት አሜሪካ ኖሬያለሁ፣ ጆርጂያ ውስጥም ምርጫ ጣቢያ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጬ የመራጮችን መታወቂያ ስቀበል ነበር፣ ስለዚህ ያየሁትን ልንገራችሁ። የእኛ ሰው ድምፁን የሚያጣው ሕጉን ስለደገፈ ወይም ስለተቃወመ አይደለም። ወረቀቶቹ እርስ በርስ ስለማይስማሙ ነው። ይሄ ደግሞ በምርጫው ዕለት ጠዋት አይስተካከልም።

መጀመሪያ የቀበሌውን ነገር ላንሳ፤ ሁሌ ይነሳልና። እኛ መታወቂያ ሲባል የሚመጣልን ቀበሌ ነው። በእግር የምትደርስበት፣ ሰፈሩ የሚያውቅህ ቦታ። አሜሪካ ውስጥ ግን ሁሉም ዜጋ የሚይዘው ብሔራዊ መታወቂያ የለም። መታወቂያ ማለት በተግባር መንጃ ፈቃድ ነው። መኪና የማይነዱ እናት፣ የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ ሄደው በዚያው ዜግነት ያገኙ እናት፣ ያንን ካርድ ለማውጣት ሌላ ወረቀት፣ ለወረቀቱም የሚያመላልስ ሰው ያስፈልጋቸዋል። ልጅየው ደግሞ ሁለት ሥራ ነው ያለው። ስለዚህ ተቃዋሚዎቹ የሚሉት ባዶ ወሬ አይደለም። ሰው ማንነቱን አሳይቶ ይምረጥ የሚለውም ነውር የለበትም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 (በፈረንጆቹ ነው፣ ከዚህ በታችም እንደዚያው) የኢንዲያናን የፎቶ መታወቂያ ሕግ 6 ለ 3 አጽንቶታል። ኢንዲያና መታወቂያውን ለሌላቸው በነጻ መስጠቷ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ነበር። እኔ ነጻ መሆኑ ብቻ አይበቃም ባይ ነኝ። ቅርብም መሆን አለበት።

ሌላው የሚያሳስተን ነገር አሜሪካን እንደ አንድ አገር ሕግ ማየታችን ነው። የምርጫ ሕግ የስቴቱ ነው። ጆርጂያ፣ ቴክሳስ፣ ዊስኮንሲን ፎቶ ያለው መታወቂያ ይጠይቃሉ። ኦሃዮና ሰሜን ካሮላይና ደግሞ ከ2023 ጀምሮ። ቨርጂኒያ ፎቶ ትጠይቅ ነበር፣ በ2020 ሕጉን ቀየረችው፤ ዛሬ የመብራት ቢል እንኳ ይሠራል፣ ምንም ካልያዝክም ማንነትህን አረጋግጠህ ትፈርማለህ። ሜሪላንድና ሚኒሶታ አብዛኛውን መራጭ ምንም አይጠይቁም። እንዲያውም ሚኒሶታ ላይ በ2012 የፎቶ መታወቂያ ጉዳይ ለሕዝብ ቀርቦ ሕዝቡ አልቀበልም ብሎታል። ኔቫዳ ተቃራኒው ነው፤ በ2024 መራጩ በሰፊው ደግፎታል፣ ግን የስቴቱ ሕገ መንግሥት እንዲሻሻል በ2026 ሕዝቡ ደግሞ ማጽደቅ አለበት። የላስ ቬጋስ ልጆች ይሄን ተከታተሉ።

ስለዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ዘመድህ «ኧረ ማንም አይጠይቅህም» ቢልህ እሱ ልክ ነው። አንተ ግን ቴክሳስ፣ ዳላስ ነህ።

ቴክሳስ የምትቀበላቸው ካርዶች ተለይተው የታወቁ ናቸው። የስቴቱ መንጃ ፈቃድና መታወቂያ፣ ለምርጫ ብሎ የሚሰጠው ነጻ ካርድ፣ የጦር መሣሪያ ፈቃድ፣ የወታደር መታወቂያ፣ ፎቶ ያለበት የዜግነት ወረቀት፣ የአሜሪካ ፓስፖርት። የተማሪ መታወቂያ የለበትም። ዕድሜህ ከ70 በታች ከሆነ ጊዜው ያለፈበት ካርድ እስከ 4 ዓመት ይታለፍልሃል። 70 ከሞላህ የፈለገውን ያህል ይለፍ። ጆርጂያ ደግሞ የራሷን መንጃ ፈቃድ ጊዜው ቢያልፍም ትቀበላለች፤ ምንም ለሌለውም ካውንቲው (በስቴቱ ሥር ያለው የአካባቢ አስተዳደር) ነጻ የመራጭ መታወቂያ ይሰጣል። ይሄን ነጻ ካርድ የሚያውቅ የእኛ ሰው ጥቂት ነው። እናትና አባት ያላችሁ፣ እባካችሁ ይዛችኋቸው ሂዱ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ስም።

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ፣ የአባት፣ የአያት ስም ነው ያለን። ፎርሙ ደግሞ የመጀመሪያ፣ የመካከለኛና የመጨረሻ ይላል። አንዱ ቦታ ላይ መጨረሻ የሚገባው የአባትህ ስም ነው፣ ሌላው ቦታ ላይ የአያትህ። የጅማ ልጅ ከሆንክ ይብስብሃል። አባቱ ወይም አያቱ ስማቸው «አባ» ብሎ የሚጀምር ስንት ሰው አለ። «አባ» የምትለው ብቻዋን ተነጥላ መካከለኛ ስም ትሆናለች፣ የቀረው መጨረሻ ላይ ይገባል፤ በሌላኛው ወረቀት ላይ ደግሞ ሁለቱ ተጣብቀው አንድ ስም ሆነው ታገኛቸዋለህ። መሐመድ የሚለው ስም ፓስፖርቱ ላይ በአንድ ኤም፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ በሁለት ኤም ይጻፋል። ለእኛ ያው መሐመድ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ሰው ነው።

ሴቶቻችን ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። በእኛ አገር ሴት ስታገባ ስሟ አይቀየርም። ዜግነት ስትወስድ ግን ስም መቀየር ይቻላል ይባላል፣ ብዙዎቹ በዚያው በባላቸው ስም ያደርጉታል፣ ከዚያ ሕይወት ይቀጥላል፣ መንጃ ፈቃዱ ግን በአባት ስም እንዳለ ይቀራል። አንዲት የአጋሮ ሴት እኔ ጠረጴዛ ጋ መጣች። ካርዷን አስቀመጠች። ፎቶው የሷ ነው፣ አድራሻው የሷ ነው፣ የትውልድ ቀኑም መዝገቡ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። የመጨረሻው ስም ግን ሌላ። የጣቢያው ኃላፊ መጣ፣ ካውንቲው ጋ ተደወለ። እሷ ነጠላዋን እያስተካከለች ቆማለች፣ ከኋላዋ ያለው ሰልፍ ይቁነጠነጣል። ባሏ የዜግነት ወረቀቷን ከቤት ይዞላት እስኪመጣ ጥግ ላይ ተቀመጠች። መረጠች፣ አልቀረችም። ግን የሥራ ሰዓቷ አልፎ ነበር፤ ባሏ ቤት ባይገኝ ኖሮ ደግሞ ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር።

የትውልድ ቀንም አለ። በእኛ አቆጣጠር የተሞላ ፎርም አለ፣ ተቆጥሮ የተለወጠ ፎርም አለ፣ በስደተኛ ካምፕ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተሰጠም አለ። ሦስቱም አንድ ሰው ላይ ሊገኙ ይችላሉ።

መላው ከባድ አይደለም፤ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው። አንድ ቅዳሜ ፓስፖርታችሁን፣ መንጃ ፈቃዳችሁን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዳችሁን፣ የዜግነት ወረቀታችሁን አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቱ። የስቴታችሁ የምርጫ ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ ምዝገባችሁንም ክፈቱ። ከዚያ ፊደል በፊደል አስተያዩ። ካልገጠመ መጀመሪያ ሶሻል ሴኩሪቲው ይስተካከላል፣ ቀጥሎ መንጃ ፈቃዱ፣ በመጨረሻ የምርጫ ምዝገባው። ቴክሳስን በመሰሉ ስቴቶች ምዝገባው ከምርጫው 30 ቀን በፊት ይዘጋል፣ ስለዚህ ጥቅምት ላይ መሯሯጥ አይጠቅምም።

መንጃ ፈቃድ ካነሳሁ አይቀር፣ ይሄኛውን ብዙ ሰው ችላ ይለዋል። ካርዱን ያወጣችሁት በግሪን ካርድ ዘመን ከሆነ፣ ዜጋ ከሆናችሁ በኋላ ሄዳችሁ አሳድሱት። የመንጃ ፈቃዱ መዝገብ እናንተን እስካሁን ዜጋ ያልሆነ ሰው ብሎ ይዟችሁ ሊሆን ይችላል። በ2019 መጀመሪያ ላይ ቴክሳስ 95,000 የሚሆኑ የተመዘገቡ መራጮችን ዜጋ አይደሉም ብላ ጠረጠረች። ዝርዝሩ የመጣው ከዚያው መዝገብ ነው። ሲጣራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት በሕጋዊ መንገድ ዜግነት ያገኙ ሰዎች ሆነው ተገኙ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ቆመ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ በፖስታ ሲመጣ ማስታወቂያ ነው ብላችሁ አትጣሉት። አንብቡት፣ በተባለው ቀን ውስጥ መልሱ። ደግሞ ሪል አይዲ (የፌዴራሉን መስፈርት የሚያሟላውን መንጃ ፈቃድ ወይም መታወቂያ) ይዣለሁና ዜግነቴ ተረጋግጧል የምትሉ አላችሁ። አልተረጋገጠም። ያንን ካርድ ግሪን ካርድ ያለውም ያወጣዋል።

ጣቢያው ላይ ችግር ቢገጥማችሁስ? አትሂዱ። የእኛ ሰው ጨዋ ነው፣ «የለህም» ሲሉት «እሺ፣ ይቅርታ» ብሎ ይወጣል። ስንቱን እንዲህ ሲወጣ አይቻለሁ፣ ያናድደኛል። ፕሮቪዥናል ባሎት የሚባል ነገር አለ፣ ጠይቁ። በዚያ ወረቀት ትመርጣላችሁ፣ ተለይቶ ይቀመጣል፣ ከዚያ መታወቂያችሁን ካውንቲው ቢሮ ወስዳችሁ ታሳያላችሁ። ጆርጂያ 3 ቀን ትሰጣለች፣ ቴክሳስ 6 ቀን። ካልሄዳችሁ ድምፃችሁ አይቆጠርም። ስለዚህ ያንኑ ዕለት የት እንደምትሄዱና እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠሩ አስጽፋችሁ ውጡ። ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ ስማችሁ ትንሽ ብቻ ከተለያየ ፈርማችሁ ማለፍ ይቻላል፤ ሠራተኛው ካላነሳው እናንተ አንሱት።

እስካሁን ያወራሁት ለዜጎች ነው። ዜጋ ላልሆናችሁ የምለው አጭር ነው፣ ግን ከሁሉም ይበልጥ ይከብዳል። ግሪን ካርድ ይዛችሁ አትመዝገቡ፣ አትምረጡ። መንጃ ፈቃድ ልታወጡ ስትሄዱ «ለምርጫ ልመዝግብህ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ከ1993ቱ የመራጮች ምዝገባ ሕግ ወዲህ አሠራሩ እንደዚያ ነው። እንግሊዝኛው ያልገባቸው አባት «ያ፣ ያ» ብለው ይፈርማሉ። ሠራተኛው ክፋት የለውም፣ ግን የፈረመው አባት ነው። ዜጋ ሳይሆኑ ለፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት ከ1996 ጀምሮ በግልጽ ወንጀል ነው፣ ከአገር ያስወጣል፣ ዜጋ ነኝ ብሎ መፈረም ብቻውን እንኳ በኋላ የማይታጠብ ጣጣ ያመጣል። የዜግነት ማመልከቻው ላይም ተመዝግበህ ወይም መርጠህ ታውቃለህ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። ወላጆቻችሁን ብቻቸውን አትላኩ። ተመዝግቦ የተገኘ ካለ ደግሞ ማመልከቻውን ከመሙላቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግር። ሜሪላንድ ውስጥ እንደ ታኮማ ፓርክ ያሉ ከተሞች ዜጋ ያልሆነውን ነዋሪ ለከተማው ምርጫ እንደሚያሳትፉ አውቃለሁ። ያ ለከተማው ብቻ ነው፣ እሱንም ቢሆን ጠበቃ ጠይቃችሁ አድርጉት።

እንግሊዝ ያላችሁ፣ ከግንቦት 2023 ጀምሮ ፎቶ መታወቂያ ግድ ሆኗል፤ የሌለው ሰው ነጻ ሰርተፊኬት ያመለክታል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለዚህ አይሠራም፣ የሚሠራው የእንግሊዝ፣ የአውሮፓና የኮመንዌልዝ አገሮች ነው። ስዊድን ደግሞ ዜጋ ባትሆኑም 3 ዓመት በተከታታይ ከተመዘገባችሁ ለኮሙን (ለማዘጋጃ ቤት) እና ለክልል ምርጫ ትመርጣላችሁ። መታወቂያ ያልያዘውን መታወቂያ የያዘ ሌላ ሰው ማንነቱን ሊመሰክርለት ይችላል። ካናዳ ፎቶ የሌላቸውን ሁለት ወረቀቶች ትቀበላለች።

ጅማ ለምትመጡት ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ የሌላ አገር ዜግነት ከወሰዳችሁ በእኛ ሕግ ኢትዮጵያዊ ዜግነታችሁ ቀርቷል። የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ሥራ ለመሥራትና ያለ ቪዛ ለመግባት ይጠቅማል፤ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 (ይሄ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት ግን መምረጥም መመረጥም አይፈቅድም። «ድሮ ያወጣሁት የቀበሌ መታወቂያ አለኝ» ብላችሁ ሰልፍ አትግቡ። ሠራተኛው ዘመድ ስለሆነ ነገሩ አይለወጥም፣ እሱንም ችግር ውስጥ ትከቱታላችሁ።

ሁለተኛ፣ የአሜሪካ ዜጋ ሆናችሁ ምርጫው ጅማ ካገኛችሁ ድምፃችሁ አይቀርም። ውጭ ላለ ዜጋ የተዘጋጀ የፌዴራል ፖስት ካርድ ማመልከቻ አለ፣ በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ ሙሉት። መዝገቡ ከመንጃ ፈቃድ ቁጥራችሁ ወይም ከሶሻል ሴኩሪቲያችሁ የመጨረሻ አራት ቁጥር ጋር ይተያያል፤ ስለዚህ ከላይ ያልኩት የስም ጉዳይ እዚህም ይመጣል። ስቴቱ ድምፅ መስጫውን ከፌዴራል ምርጫው 45 ቀን በፊት መላክ አለበት። በኢሜይል እንዲላክላችሁ ምረጡ፤ እዚህ ቤት ለቤት የሚያደርስ ፖስተኛ የለም። አንዳንድ ስቴቶች መልሱንም በኢሜይል ወይም በፋክስ ይቀበላሉ። የማይቀበል ከሆነ አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲ ጋ ማድረስ ይቻላል፤ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ለሚሄድ ሰው ቀደም ብላችሁ ስጡ።

ፖስታው ላይ ስትፈርሙ ደግሞ ፊርማችሁን አስቡት። ኮሎራዶና ዋሽንግተን ያላችሁም ድምፃችሁ በፖስታ ስለሆነ ጉዳዩ ይመለከታችኋል፤ እዚያ ማንነታችሁ የሚታየው በፊርማ ነው፣ መዝገብ ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩታል። መንጃ ፈቃዱን ያወጣችሁ ጊዜ በአማርኛ ፈርማችሁ ከሆነ ፖስታውም ላይ በአማርኛ ፈርሙ። ካልገጠመ ያሳውቋችኋል፣ የሚያሳውቁት ግን መዝገቡ ላይ ባለው አድራሻ፣ ስልክ ወይም ኢሜይል ነው፤ ስለዚህ ጅማ ከመምጣታችሁ በፊት የምትከፍቱትን ኢሜይል አስመዝግቡ።